የቅዳሜ መንገድ፣ የእሑድ ድስት

በእኛ ቤት የቅዳሜ መንገድ የሚመረጠው በምሳ ነው። ሌላው ሰው ሐይቁን፣ ገዳሙን ወይም ፍል ውሃውን አስቦ ይነሣል፤ እኛ ግን ዓርብ ማታ ቡና ላይ ተቀምጠን የምንጠያየቀው «ነገ ምን እንብላ?» ብለን ነው። መልሱ ዓሣ ከሆነ መኪናው ወደ ባቱ ይዞራል። ሥጋ ከሆነ ዱከም ቅርብ ናት። ነዳጁ ወይም የወሩ ወጪ ካልፈቀደ ደግሞ ሾላ ገበያ ወርደን ዘንቢላችንን ሞልተን እንመለሳለን። ያንንም እኔ ከሽርሽር እቆጥረዋለሁ።

ምግብን እንዲህ ማስቀደም ሆዳምነት የሚመስላቸው ዘመዶች አሉን። ለእኔ ግን እንደዚያ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምንበላው ለመሰንበት ያህል ነው፤ ቁርሱ በታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ምሳው ሰዓት እያዩ፣ እራቱ ልጆቹን የቤት ሥራ እያሠሩ ያልቃል። ምን እንደበላን ማክሰኞ ብትጠይቁኝ የሰኞውን አላስታውሰውም። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ የሚበላውን ነገር አይቶ፣ አሽትቶ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቆ፣ ከሚወዱት ሰው ጋር ከአንድ ትሪ መቁረስ ካልተቻለ የቀረው ድካም ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

በእነዚህ የቅዳሜና እሑድ ጉዞዎች አንድ እምነት ይዣለሁ። ከቤት ውጭ የሚበላው እዚያው ቦታ ያለው ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሠራው ደግሞ ጊዜ የሚፈልገው ነገር ነው። ዓሣ ከሐይቁ ዳር፣ ሥጋ ከሚታረድበት ሰፈር፤ ዶሮ ወጥ ግን ከራስ ምድጃ። ቅደም ተከተሉን ስናዛባው፣ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት ዶሮ ወጥ ስናዝዝና ከማቀዝቀዣ የወጣ ዓሣ ቤታችን ስንጠብስ፣ ከሁለቱም ሳንሆን እንቀራለን።

ከዱከም ልጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የምትገኝ ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት ብዙው መኪና አሮጌውን መንገድ ትቶታል። ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህሉን ሳይቆሙ መጨረስ ለሥራ ለሚሄድ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ሥጋ ሊበላ የወጣ ሰው ግን ዛሬም አሮጌውን ይይዛል፤ ሥጋ ቤቶቹ ያሉት እዚያ ነውና።

እዚያ የምግብ ዝርዝር የሚያስፈልገው ሰው የለም፤ ዝርዝሩ ራሱ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ጎድኑ ሁሉም ከነአጥንቱ ይታያል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ቆራጭ ቢላዋውን በሞረድ እያፋጨ «ጋሼ፣ ከየቱ ላንሣልዎት?» ብሎ ባለቤቴን ይጠይቃል። ባለቤቴ በዚህ ጥያቄ ላይ የማይቸኩል ሰው ነው። ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ በጣቱ ያመለክታል፣ «እሱን አይደለም፣ ከጀርባው ያለውን» ይላል፤ ቆራጩም አይሰለችም፤ የሚመርጥ ደንበኛ ሙያውን የሚያከብርለት ደንበኛ ነው። ከሻኛው ጥቂት ለቁርጥ ይነሣል፤ ጎድኑ ለጥብስ ይመታል። ለልጆቼ ጥሬውን አልሰጥም። የኮሶ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሚመጣ አያቶቻችንም ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ነበር የኮሶ አበባ በየጊዜው እየወቀጡ የሚጠጡት። ትልቅ ሰው መዘዙን አውቆ ይብላ። ልጅ ግን ገና የሚመርጥበት ዕድሜ ላይ አይደለም።

ደረቅ ጥብሱ ሲመጣ ሽታው ከሳህኑ ይቀድማል። ሥጋው በራሱ ስብ ተጠብሶ ጠርዙ ጠቆር ብሏል፤ የጥብስ ቅጠል፣ ጨውና ቃርያ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አልገባበትም። አዋዜና ሰናፍጭ በጎን ይቀርባል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ያለምንም ማባያ ነው የምበላቸው፤ ሥጋው ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ጠዋት የታረደው ማታ የሚያልቅበት ቤት በቅመም የሚሸፍነው ነገር የለውም። በሬውም ከሩቅ የመጣ፣ ብዙ እጅ የደከመበት ነው። የሐረርጌ ገበሬ ከማሽላውና ከበቆሎው አገዳና ቅጠል እየሰበሰበ ሰንጋውን ደጁ ላይ አስሮ፣ በእጁ እያጎረሰ ለወራት ያደልባል። አንድ ሰው ሌላ እንስሳ ላይ ይህን ያህል ትዕግሥት ማፍሰሱን ሳስብ ሥጋን ትሪ ላይ ማስተረፍ ያሳፍረኛል፤ የተረፈውን ሁልጊዜ አስጠቅልዬ እወስዳለሁ።

እንጀራውንም አትለፉት። ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ በግራም በቀኝም የሚታየው ሜዳ የአድአ ሜዳ ነው፤ የአዲስ አበባ እናቶች «የአድአ ማኛ» ብለው የሚመኙት ጤፍ የሚበቅልበት። ወደ ኅዳር መጨረሻ ካለፋችሁ አዝመራው ደርሶ፣ ነፋስ ሲመጣ ሜዳው ሁሉ ባንድ በኩል ሲያጋድል ታያላችሁ። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው እዚሁ ከሚገኘው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ልጆቼ እንጀራ ከምጣድ እንጂ ከመሬት የሚጀምር አይመስላቸውም ነበር፤ አሁን በዚህ መንገድ ስናልፍ ትንሿ «የእኛ ነው?» እያለች ሜዳውን ትጠይቀኛለች። የእኛ መሆኑን እነግራታለሁ።

ቢሾፍቱ ሐይቆቿ ያማሩ ናቸው፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ የከተማዋን ስም የያዘው የቢሾፍቱ ሐይቅ። ስለ ውበቷ ክርክር የለኝም። ስለ ምሳዋ ግን አለኝ። ስሙን በማልጠራው አንድ የሐይቅ ዳር መዝናኛ በመግቢያ ዋጋ ላይ ምሳ ተጨምሮ ተቀብለናል። ከረጅም ጠረጴዛ ላይ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዓሣ፣ ጥብስ፣ ክትፎና ዶሮ ወጥ በክዳን ተሸፍነው ተደርድረዋል። ክዳን በከፈትሁ ቁጥር ልቤ ወደቀ። በዶሮ ወጡ ውስጥ ሽንኩርቱ ገና ቅርጹን እንደያዘ ይታያል፤ በርበሬው ለብቻው፣ ቅባቱ ለብቻው ቆሟል። ያንን ወጥ የሠራው ሰው ሙያ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ጊዜ አልተሰጠውም። ለሦስት መቶ ሰው አሥር ዓይነት ምግብ በአንድ ጠዋት አድርስ የተባለ ወጥ ሠሪ ሽንኩርቱን እስኪሟሟ ሊጠብቅ አይችልም። ከዚያ ወዲህ ወደማላውቀው ምግብ ቤት ስገባ የምጠይቀው «ምን አላችሁ?» ብዬ ሳይሆን «ዛሬ ምን ገባ?» ብዬ ነው። አስተናጋጁ ሳያመነታ ከመለሰ እቀመጣለሁ።

የምወደው መንገድ የባቱ ነው፤ ብዙ ሰው አሁንም ዝዋይ የሚላት። ከአዲስ አበባ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች በጠዋት መነሣት ያስፈልጋል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ አዲሱ የፍጥነት መንገድ አለ፤ ስንሄድ እሱን እንይዛለን፤ ዓሣ አጥማጆቹ የሚመለሱበት ሰዓት ሳያልፍ ለመድረስ። ስንመለስ ግን በአሮጌው ነው። ምክንያቴን ትንሽ ቆይቼ እናገራለሁ።

ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ደሴቶች አሉት፤ ከእነሱም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። የዘይ ሰዎች ለዘመናት ከደንገል በሠሩት ታንኳ ሲያጠምዱበት የኖሩበት ውሃ ነው። ጠዋት ዳሩ ላይ ስትቆሙ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ረጃጅም እግራቸውን ተክለው፣ የሚወረወርላቸውን የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ወጣቶች መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ቅርፊቱን ይልጣሉ፣ ሆዱን ይከፍታሉ። ቆሮሶው በብዛት የሚፈለገው ነው፤ አምባዛም አለ፤ ሥጋው ወፍራም ቅባቱ በዛ ያለ ስለሆነ ለጥብስ ሳይሆን ለወጥና ለጉላሽ እመርጠዋለሁ። ዓሣ ስትመርጡ ዓይኑን እዩት፤ የጠራና ያበጠ ይሁን፤ ስንጥቡን ገልጣችሁ ቀይ መሆኑን አረጋግጡ፤ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ ይነሣ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገዛው።

ከዚያ ወደ አንዷ ጠባሽ እንሄዳለን። ዓሣውን ሙሉውን በሁለቱም ጎኑ በቢላዋ ሰያፍ በሰያፍ ትተለትለዋለች፤ በጨው ታሸዋለች፤ በፈላ ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። ሲወጣ የተተለተለው ሥጋ ተገልጦ፣ ቆዳው ወርቅ መስሎ፣ ጭራው በጥርስ ሲሰብሩት የሚንኳኳ ይሆናል። ሎሚ፣ ዳጣ፣ ትኩስ ዳቦ ወይም እንጀራ። ሹካ የለም፤ ቢኖርም አልጠቀምበትም። በጣት እየቆነጠሩ፣ አጥንቱን እያወጡ፣ ጉንጩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሥጋ ለልጅ እየሰጡ ነው የሚበላው። ዓሣ የሚበላ ሰው ማውራት ይቀንሳል። ባለቤቴ ስለ ሥራው የማያወራበት አንድ ጠረጴዛ ቢኖር ይህ ነው።

ባገኘናት ቁጥር የምታስተናግደን ጠባሽ በአንድ ወቅት «እትዬ፣ ዱሮ እኮ እንዲህ ያለውን ትንሽ ዓሣ አናወጣውም ነበር» ብላኛለች። ነገሩ አሳስቦኛል። ሐይቁ ብዙ ሸክም አለበት። በዙሪያው ያለው የመስኖ እርሻ ውሃውን በሞተር ይስባል፣ መረቡ እየጠበበ ትንንሹን ያጠምዳል፣ እምቦጩም ዳርዳሩን ይዟል። እኔ የምችለው ትንሽ ነው። ሽልጦ የምታህል ዓሣ ስትቀርብልኝ አልገዛም፤ ምክንያቴንም እናገራለሁ። ሻጩ አንዳንዴ ይስማማል፣ አንዳንዴ ፊቱን ያጠቁራል። ያም ሆኖ ልጆቼ አድገው የራሳቸውን ልጆች ወደዚህ ዳር እንዲያመጡ የምፈልግ ሰው ዝም ልል አልችልም።

ሐዋሳም እንዲሁ ናት፤ አሞራ ገደል ጠዋት የሚጠጣው የዓሣ ሾርባ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። ግን ከሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነች አድሮ መምጣትን ትጠይቃለች፤ ለቅዳሜና እሑዳችን ትበዛለች።

አሁን ወደ አሮጌው መንገድ። ከባቱ ወደ ሞጆ ስትመለሱ መቂ አለች፤ የአዲስ አበባ ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙው ከዚህ አካባቢ ነው የሚሄደው። በመንገዱ ዳር ቲማቲሙ በሳጥን፣ ቀይ ሽንኩርቱ በከረጢት ተደርድሮ ይጠብቃል። የፍጥነት መንገዱ ይህን አያሳይም። እዚህ ወርጄ ሽንኩርት ስመርጥ እቆያለሁ፤ ትልልቁንና ውሃ ያዘለውን አልፌ መካከለኛውን፣ ልጣጩ ደርቆ የሚንኮሻኮሸውን፣ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላውን እይዛለሁ። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይታገሣል። ለምን እንደምለቅም ያውቃል፤ ነገ እሑድ ነው።

ዶሮ ወጥ ከሽንኩርት ይጀምራል። ዶሮው ኋላ ነው የሚመጣው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ደፋር ከሆናችሁ ከዚያም በላይ፤ በጣም ደቅቆ መከተፍ አለበት። እናቴ በመፍጫ የተፈጨ ሽንኩርት ቤቷ አይገባም፤ ውሃው ወጥቶ ይመራል ትላለች፤ እኔም ሁለቱንም ሞክሬ ከእሷ ወገን ቆሜያለሁ። የተከተፈው ሽንኩርት ያለዘይት፣ ያለቅቤ፣ ባዶ ድስት ውስጥ ይገባል። እሳቱ ዝግ ይላል። መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፣ ከዚያ ይመጠዋል፣ ከዚያ መያዝ ይጀምራል፤ ያኔ ነው ከማማሰያው መራቅ የማይቻለው። ጠብታ ውሃ እየጨመሩ፣ ከታች እየፋቁ፣ እያገላበጡ አንድ ሰዓት ይሄዳል፣ ሌላም ግማሽ ሰዓት ይጨመራል። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወርድ መጀመሪያ የምታየው ድስቱን ነው። ክዳኑን ከፍታ ትመለከትና «ልጄ፣ ገና ነው» ትላለች። ገና ነው ካለች ገና ነው።

በርበሬው የሚገባው ሽንኩርቱ ቡላ መስሎ ሲለሰልስ ነው። እሱም ጥድፊያ አይወድም፤ በጥቂት ውሃ እየተቁላላ ጥሬነቱ እስኪለቅ፣ ቀለሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ጥቁር ቀይ እስኪዞር ድረስ ይጠበቃል። ንጥር ቅቤው ከዚህ በኋላ ይጨመራል፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም። ቤቱ ሁሉ የሚሸተው ያን ጊዜ ነው፤ ጎረቤቶቻችን በደረጃው ሲያልፉ «ዛሬ ማን ተጋብዟል?» የሚሉን።

ዶሮው እስከዚያ በእናቴ እጅ ነው። ዶሮ መበለት እኔ እንደ እሷ አልችልበትም። አሥራ ሁለቱ ብልት እያንዳንዱ በመገጣጠሚያው ላይ፣ አጥንት ሳይሰበር፣ ይለያል፤ ቆዳው ተገፎ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጥቦ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ይቆያል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ለመብሰል ይዘገያል፤ ግን ወጡ ውስጥ ሆኖ ጣዕሙን የሚለቅ እሱ ነው። የእርባታው ዶሮ ፈጥኖ ይበስላል፣ ፈጥኖም ይፈርሳል። ዋጋቸው አሁን ሰማይ ስለነካ የሐበሻውን ለበዓል እያቆየን፣ በተራው እሑድ የእርባታውን እንሠራለን፤ ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ እሱም አያሳፍርም። መጨረሻ ላይ መከለሻው ይነሰነሳል፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ። የተቀቀለው እንቁላል ወጡ እንዲገባበት ጫር ጫር ተደርጎ ይጨመራል። ከዚያ እሳቱ ይጠፋል፤ ድስቱ ተከድኖ ይተዋል። ወጥ ከእሳት እንደወረደ አይበላም፤ ማረፍ አለበት። ቡናው የሚፈላው በዚህ ክፍተት ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የምግብ አሠራር ለማስተማር አይደለም፤ ከእኔ የሚሻሉ ሴቶች ሞልተዋል። ማሳየት የፈለግሁት ሰዓቱን ነው። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት አንድ ቤተሰብ በአንድ ድስት ዙሪያ ይመላለሳል። ልጆቹ እንቁላል ይልጣሉ፤ ባለቤቴ ሽንኩርት ይከትፋል፤ ዓይኑ እያለቀሰ ዜና ያዳምጣል። እናቴ በመካከሉ ስለ አባቷ ቤት፣ ስለ ሸኖ ለጋ ቅቤ፣ ድሮ ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ ስለሚወርድበት ጊዜ ታወራለች። ሌላ ቀን ብጠይቃት የማትነግረኝን ነገር ማማሰያ ስይዝ ትነግረኛለች። ይህን የሚሸጥልኝ ምግብ ቤት አላገኘሁም፤ ስለዚህ ነው ዶሮ ወጥ ውጭ የማላዘው።

ሴቶች ብቻ የሚደክሙበት እሑድ ግን እረፍት አይባልም። በእኛ ቤት ሽንኩርት ከታፊው ወንድ ነው፤ ሳህኑንም የሚያጥበው እሱ ነው። ይህ እንደ ትልቅ ነገር መነገሩ ራሱ ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም እናገረዋለሁ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ዛሬም የእሑድ ምሳ የሚጣፍጠው ከተቀመጠው ይልቅ ከቆመችው ጉልበት ተወስዶ ነውና።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። ኀምሳ አምስት ቀን ሙሉ የዱከሙ መንገድ ይዘጋል፤ የእሑዱ ድስት ግን አይዘጋም። እንዲያውም ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ማጣፈጥ የሙያ መለኪያ ነው። ክክ አልጫ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ በሱፍ የተፈተፈተ እንጀራ። ሽሮውም ቢሆን በአሥር ደቂቃ የሚደርስ የሚመስለው ድካሙ ቀድሞ ስለተጠናቀቀ ነው። እናቴ በበጋው አተሩንና ሽምብራውን ለቅማ፣ ቆልታ፣ ከክታ፣ ከቅመሙ ጋር አስጥታ፣ አስፈጭታ ለዓመት ታስቀምጣለች። በጾም ከከተማ ስንወጣ የስንቅ ሳህናችንን ይዘን ነው፤ እንጦጦ ጫካ ውስጥ በቃርያ የተበላ የጾም ፍርፍር ከብዙ ሆቴል ምሳ በልጦብኛል።

እስካሁን ቦታንና ጊዜን ለያይቼ ነው የጻፍሁት። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ቤት አለ፤ ቡታጅራ አጠገብ ያለው የአማቴ ቤት ነው። በዓለም ገና ወጥተን፣ በመልካ ቁንጡሬ አዋሽን ተሻግረን፣ ጢያ ላይ ልጆቹ ትክል ድንጋዮቹን ሮጠው አይተው እስኪመለሱ ቆመን እንደርሳለን። ድንጋዮቹ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ለልጆቼ ግን የአያታቸው ቤት መቃረቡን የሚያበስሩ ምልክቶች ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎ በየመንደሩ አለ፤ ጥሩ ጥሩም አለ። የአማቴን የሚያህል ግን የለም፤ ምክንያቱንም ጓሯቸው ይናገራል። እንሰቱ ከተተከለ ለዓመታት ቆሞ ነው ለመፋቅ የሚደርሰው። ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፣ በቅጠል በተደለደለ ጉድጓድ ይቀብሩታል፣ እስኪብላላ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወጥቶ፣ ውሃው ተጨምቆ፣ ጭረቱ በቢላዋ ተከትፎ፣ በኮባ ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። አማቴ የሚያቀርቡት ቆጮ እኔ ባለቤቴን ሳላገባ የተተከለ እንሰት ሊሆን ይችላል። ቅቤውም እንዲሁ ነው። ለመስቀል የሚሆነው ቅቤ ከወራት በፊት ጀምሮ ይጠራቀማል፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በየተራ እየተቀባበሉ፣ አንዷ ብቻዋን ልታከማች የማትችለውን አንድ ላይ ያከማቻሉ። ሥጋው ጅማቱ ተለቅሞ፣ እንጨት ላይ በቢላዋ ይደቅቃል፤ ቅቤው ከኮረሪማና ከሚጥሚጣ ጋር ሞቅ ብሎ ይጨመርበታል፤ በጣባ ይቀርባል። ጎመኑና አይቡ በጎኑ። እዚያ ቤት ሰው ሳህኑን ሳይጨርስ ከተነሣ «ምን አጎደልሁ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ስለዚህ እንጨርሳለን።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውዬ ከዚያ ቅቤ ትንሽ እንዲልኩልኝ ለመንኋቸው፤ ከወደ ቡታጅራ የሚመጣ ዘመድ ነበር። «እማዬ፣ አንድ ኪሎ ብቻ» አልኋቸው። አልሰጡኝም። «ልጄ፣ ቅቤው ብቻውን አዲስ አበባ መጥቶ ምን ያደርጋል? ሥጋው እዚህ፣ ቆጮው እዚህ፣ ሰዉ እዚህ። ለመስቀል እናንተው ኑ። ደመራው ሳይለኮስ ድረሱ፤ ባልሽ ደግሞ ቢላዋውን ያስስል፣ ዘንድሮ ሥጋውን የሚያደቅቀው እሱ ነው።» ባለቤቴና እኔ ከየመሥሪያ ቤታችን የመስከረም 16 ፈቃድ ከአሁኑ ጠይቀናል፤ ቢላዋዎቹንም ለሚስል ሰው ሰጥተናል።